ይዘገያል

ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ባቡር ቤቱ፣
ሥራዬ ጠመኔ፣ ጭንቀቴ ሰዓቱ፤
ከትኬት መስኮት ጎን፣ ከጥቁር ሰሌዳ፣
«ይዘገያል» ብዬ ስጽፍ ለእንግዳ።
«ለስንት ሰዓት?» ቢሉኝ ትከሻዬን ሰበቅሁ፤
ጠመኔዬን ይዤ ወደ ጥላ ራቅሁ።

ጡረታ ወጣሁኝ። ከዚራ፣ ከኒም ሥር፣
አምስት እርምጃ በሦስት ቀረችኝ ቁራሽ አፈር፤
ፍየል የረገጣት፣ የሳሙና ውኃ የጠጣች፣
ከሚጥሚጣ በቀር ፍሬ ያልሰጠች።

ነሲባ አብዶሽ መጣች ከጀጎል፣ ከሐረር፤
በቴሌግራፍ ክፍል አብረን ሠርተን ነበር።
ከቦርሳዋ አወጣች የደብተር ወረቀት፣
ውስጡ አሥራ አንድ ራስ፣ የሚመስል ሽንኩርት፤
ከባቢሌ ለውዝ በጥቂት የወፈሩ፣
ስስ ቡናማ ለብሰው ተጨብጠው ያደሩ።

«አትብላው» አለችኝ፣ «ሽንኩርት ቢመስልህም፤
ሆድ ያምሳል እንጂ ወጥ አያጣፍጥም።
ሁለት ጣት ቅበረው፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ፤
በበጋ አታጠጣው፣ ዝም ብለህ ቆይ።
በልግ ሲያካፋ ግን ሳይጠሩት ይመጣል፤
ሮዝ ነው፣ ስንዝር ነው፣ ሦስት ቀን ያብባል፤
በአራተኛው ቀን ግን…» እጇን አራገበች፣
የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ሄደች።

ከደቻቱ አሸዋ ሁለት ባልዲ ቀዳሁ፤
ከፍየል በጠጥ ጋር በጣቶቼ አሸሁ።
አሥራ አንድ ጉድጓድ፣ በልክ፣ በመስመር፣
እንደ ፉርጎ ሰልፍ፣ እንደለመድኩት ነገር።
ታኅሣሥ አለፈ። ጥር። የካቲት ተጋመሰ።
የጣሪያው ቆርቆሮ በሐሩር ተንቋቋ፣ አለቀሰ።
ከመሬቱ በላይ አንዳች ነገር የለም፤
ጉንዳን ብቻ አለ፣ እሱም አይጠይቅም።

የምትጠይቀው ሐምዲ ናት፣ የጎረቤት ልጅ፣
ሰባት ያልሞላት፣ ሁለት የፊት ጥርስ የወለቀባት።
«አባባ ደምሰው፣ ምን እየሠራ ነው?»
«ተኝቷል።»
«አሁንም?»
«አሁንም።»
«እስከ መቼ?»
«ይዘገያል።»
አንገቷን ሰብራ ታየኛለች። አላመነችኝም።

አንድ ቀን በማንኪያ ቆፍራ አወጣችው፤
ምን እንደሚሠራ ራሱን ጠየቀችው፤
መልስ ሳይሰጣት ወደ ቦታው መለሰችው፣
ዘቅዝቃ፣
ሹሉን ወደ ታች።
(ይህን የነገረችኝ ኋላ ነው፣ እያለቀሰች።)

መጋቢት በገባ በዘጠነኛው ሌት፣
ነጎድጓድ ከደንገጎ ወረደ በድንገት።
ቆርቆሮው ተደበደበ፤ አቧራው ሸተተ፤
ጓሮዬ እስኪጠግብ ጠጣ፣ ተኛ፣ ዝም አለ።
በአምስተኛው ጧት በሬን ስከፍት፣
አሥር ሮዝ ፊት።
ቅጠል እንኳ ሳይቀድም፣ ከባዶ መሬት፣
ያለ ፊሽካ፣ ያለ ትኬት።

ቆጠርኩ። አሥር። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥር።
የአሥራ አንደኛው ቦታ ጭቃ ብቻ ነበር።

ያኔ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ፤
ወደ አዲጋላ የምትሄድ፣ ልጅ ያዘለች፣
ሁለት ሌሊት አግዳሚው ላይ የጠበቀች።
ድልድዩን ጎርፍ እንደበላው አውቅ ነበር፤
ባቡሩ እንደማይመጣ አውቅ ነበር።
ግን «አይመጣም» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፌ አላውቅም፤
ማንም ጻፍ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።
«ይዘገያል» አልኳት።
አመሰገነችኝ፤ የልጁን ነጠላ አስተካክላ ተቀመጠች።

ሐምዲ ካጠገቤ ቁጢጥ ብላለች፣
ማንኪያዋን በጉያዋ ደብቃ፣
እንባዋ ከአቧራ ጋር ጉንጯ ላይ ተለውሶ።
«አሥራ አንደኛውስ? ይመጣል?»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ቦታ ይዞ።
ዋጥኩት።
«አላውቅም» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ተነሣች፤
ከአጥሩ ሥር አንድ ነጭ ጠጠር አመጣች፤
ፍየል እንዳይረግጠው ከባዶው ቦታ ጎን አስቀመጠች፤
አንዱ እንደማይበቃ አይታ
ሌላ ልትፈልግ ሄደች።